የውጭ ልብስ የለበሰ ለውዝ

ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፭ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኞ ማለዳ፣ አውሮፕላኖች በቦሌ ቡልቡላ ሰማይ ላይ ዝቅ ብለው እየተከታተሉ ሲያልፉ፣ ወይዘሮ ዕፀገነት ቢተው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። ሰፈሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤፍና ሽምብራ የሚታጨድበት እርሻ ነበር፤ አሁን ከእርሻው የቀረው የክረምቱ ጭቃ ብቻ ነው። ታክሲው ውስጥ ገብታም አላረፈች፤ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች፣ ሰዓቷን ታያለች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» ብሎ እስኪጠይቃት ድረስ ስትቁነጠነጥ ሲኤምሲ ደረሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ መንግሥት ለሠላሳ ስምንት ዓይነት ሸቀጦች ባንኮች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቅዱ አዘዘ፤ ቸኮላቱም ብስኩቱም ከየሱፐርማርኬቱ እየሳሳ ሄደ፤ አስመጪው ሁሉ ራሱን ያዘ። ለዕፀገነት ግን በር ተከፈተላት። እሷ ከሾላ ገበያ የባቢሌ ለውዝ እየገዛች፣ ከጓደኛዋ ከቲጂና ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር ቆልታ፣ ፈትጋ፣ ፈጭታ የለውዝ ቅቤ የምታሽግ ባለሙያ ናት። ስሙን በአማርኛ ጽፋ ታቀርብ በነበረበት ጊዜ ባለሱቆቹ እያገላበጡ «የኛው ነው እንዴ?» ብለው ይመልሱላት ነበር፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። በመጨረሻ ከፋት፤ እልህም ያዛት። ወርቃማ ጥለት ያለው፣ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ባልሆነ የባሕር ማዶ ቋንቋ የተጻፈ፣ «ቫልዴና» የሚል ምንም ትርጉም የሌለው ስም የተሸከመ ወረቀት አሳተመችና በየጠርሙሱ ላይ ለጠፈች። የተሠራበትን አገር አልጻፈችም። «አልዋሸሁም፤ ዝም አልኩ እንጂ» እያለች ኅሊናዋን ታባብላለች።

የባሏ ወንድም ሙሉአለም አከፋፋይ ነኝ ብሎ ጠርሙሶቹን ሲኤምሲ ለሚነግዱት ለሐጂ ሚስባህ አስረከበ፤ ሐጂውም ከዱባይ በሻንጣ የገባ መስሏቸው ከዓይን ትይዩ ደረደሩት። ደንበኞችም ወር ሙሉ እየተሻሙ ገዙት። ኅዳር ፲፭ ቀን የነቢያት ጾም ገባ፤ ጿሚ ዳቦውን በለውዝ ቅቤ ቀብቶ የሚበላበት ወቅት ስለሆነ፣ ዕፀገነትና ሴቶቹ እጥፍ አድርገው ሠርተው ጠበቁ። ጾሙ በገባበት ቀን ግን ሽያጩ ቀጥ አለ። በአራት ቀን አንድ ጠርሙስ አልተነሣም፤ ሐጂውም ለሙሉአለም «እስከ ሰኞ ማታ ድረስ ካልተንቀሳቀሰ አንሣልኝ፤ ቦታውን ለሌላ እሰጠዋለሁ» አሉት። ሐጂው የጣሉትን ዕቃ የሲኤምሲ ሱቅ ሁሉ እንደሚጥለው የታወቀ ነው፤ ዕቃዋ ከዚያ መደርደሪያ ከወረደ ለአምስቱ ሴቶች የምትሰጠው ሥራ የላትም።

በዚያ ሰኞ ማለዳ፣ ሐጂው መልኳን ስለማያውቁ፣ እንደ ማንኛውም ገዢ ቅርጫት ይዛ ሱቃቸው ገባች። ፓስታ ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፤ ዓይኗ ግን ከጠርሙሶቹ አይነቀልም። ትንሽ ቆይቶ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው እማማ ፈለቀች መጡ፤ አንዱን ጠርሙስ አንሥተው ወደ ብርሃኑ አዙረው መረመሩት።

«ሐጂ፣ ይኼ የጾም ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው፣ እማማ? የውጭ ነው። ጽሑፉን የሚያነብ ይፈልጉለት።»

«የልጅ ልጄም አቃታት። የውጭ ሰው እንደሆነ ወተት የማይጨምርበት ነገር የለም። ሠሪው ፊቴ ቢቆም እጠይቀው ነበር» አሉና ጠርሙሱን መለሱት።

ዕፀገነት ደነገጠች። ለአራት ቀን እንቅልፍ የነሣትን ነገር አሮጊቷ በሁለት ቃል ነገሯት፤ ጿሚው የቀረው የጾም መሆኑን የሚያነብበት ስላጣ ነው። ብትናገር በሐጂው ፊት አታላይ ልትባል ነው፤ ዝም ብትል ማታ ጠርሙሶቿን ተሸክማ ልትወጣ ነው። ሁለት እርምጃ ተራመደች፤ ወደ ፓስታው ተመለሰች፤ እንደገና ተራመደች። አሮጊቷ በሩ ጋ ደርሰው ነበር።

«የጾም ነው፣ እማማ! ለውዝና ጨው ብቻ ነው።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እኔ ነኝ የምሠራው። እዚሁ ቡልቡላ። ጾሙ ሲገባ መፍጫውን በፈላ ውኃ አጥበን ነው የጀመርነው፤ ወተት የሚባል ወደ ቤቱ አይገባም።»

ሐጂ ሚስባህ ከገንዘብ መቀበያው ተነሡ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ወር ሙሉ የውጭ ነው ብዬ የሸጥኩት የቡልቡላ ለውዝ ነው?»

«ነው፣ ሐጂ። አገሩን ግን አልጻፍኩም፤ ዝም ነው ያልኩት።»

«አንቺ ዝም አልሽ፤ እኔ ግን ለስንቱ ደንበኛ በአፌ ተናገርኩ። ውሸቱን ለእኔ ሰጥተሽ ንጽሕናውን ለራስሽ አስቀረሽ!»

እፍረቱ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት። እማማ ፈለቀች ግን ተመልሰው መጥተው በመካከላቸው ቆሙ። ሐጂው በንዴት አንዱን ጠርሙስ ከፍተው «ይቅመሱትና ይፍረዱ!» አሏቸው።

«ሰዓቴ ሳይደርስ ምን ብዬ እቀምሳለሁ?» አሉ አሮጊቷ፤ ወደ ዕፀገነትም ዞሩ። «እንግዲህ በቃልሽ ነው የምወስደው። ከዋሸሽኝ ጾሜን ያስፈታሽኝ አንቺ ነሽ፤ እዚያ ቤት ሁለታችንም እንጠየቃለን።»

«እሺ፣ እማማ።»

ሁለት ጠርሙስ ወሰዱ። ሐጂ ሚስባህም «ይህን ልብስ ለብሶ እኔ ሱቅ አይውልም፤ አውልቂለት» አሏት። ዕፀገነት ከጓዳው ካርቶን ላይ ተቀምጣ በእርጥብ ጨርቅ ወርቃማውን ወረቀት ከየጠርሙሱ ስትልጥ ዋለች፤ ጥፍሯ ደማ። ቲጂ ደርሳ በእጅ ጽሑፍ «የለውዝ ቅቤ፤ የጾም፤ ዕፀገነት፣ ቡልቡላ» እያለች ለጠፈች። ሐጂው ጠርሙሶቹን ከራሳቸው መቀመጫ ፊት አስቀመጧቸው፤ «ለጠየቀኝ ሁሉ አንቺ ጋ ነው የምደውልለት» አሉ።

በ፳፻፲፮ ክረምት ክልከላው ተነሣ፤ የውጩ ዕቃ ተመለሰ፤ ከእሷ የገዘፈ መፍጫ ያላቸውም ባማረ የአማርኛ ጽሑፍ ገበያውን ሞሉት፤ የዕፀገነት ስም ከሲኤምሲ አላለፈም። ስለዚያ ዘመን የሚጽፉ ሰዎች ምንዛሪ እንዳጠረና ሕዝቡ ፊቱን ወደ አገሩ ምርት እንዳዞረ ይጽፋሉ፤ ገሚሱ ችግር ነው ይላል፣ ገሚሱ የአገር ፍቅር። እማማ ፈለቀችን የጠየቀ የለም። እሳቸው በዚያ ሰኞ አገር አልመረጡም፤ ጾማቸውን አምነው የሚሰጡት ሰው ነበር የፈለጉት፤ ያ ሰው ደግሞ ወር ሙሉ ከገዛ እጁ ሥራ ጀርባ ተደብቆ ነበር።