ቆመው የጠበቁት

ድሮ፣ ገና ምድር ላይ ሳለች፣ ስንዱ በባቡር ስትሄድ ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰምታ ነበር።

«መጀመሪያ ይብላ። በባዶ ሆዱ መርዶ አይነገረውም።»

«ከዚያስ ማን ይነግረዋል? እኔ እንደሆነ አልችልም…»

የቀረውን ወይ የባቡሩ ድምፅ ውጦታል፣ ወይ እሷ ረስታዋለች። ማን እንደሞተ፣ ለማን እንደሚነገር አላወቀችም። አጭር ፊልሟን የሠራችው ከዚያች ቁራጭ ወሬ ነው።

አሁን በጨረቃ ሰፈር፣ ከማዕድን ፈረቃዋ እንደወጣች፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ማሳያ አዳራሹ ውስጥ ቆማለች። አማተበችና ማሽኑን አስነሳች። ሦስት ብርሃነ-ሰቦች፣ ከብርሃን ተሠርተው የተመልካቹን ትንፋሽ እየሰሙ የሚተውኑ ተዋንያን፣ ከወለሉ ብቅ ብለው ገበታ ከበው ተቀመጡ። መርዶ የሚነገረውን ሰው ስንዱ አልሠራችውም፤ ቦታው ለተመልካቹ ባዶ ተትቷል። የፊልሙ ሙከራም ይኸው ነበር።

ሽማግሌው ገምጋሚ አቶ ገሠሠ ዘግይተው ገቡ። ሦስቱም ብድግ አሉ።

«ኖር!»

ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሱም።

«ስታክ አደረጉ» አለ ቴክኒሻኑ ይርዳው። አጥፍቶ አስነሳቸው። ተቀመጡ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ እንደገና ተነሱ። «ስንድዬ፣ እኔ እንኳ አልተነሳሁላቸውም። መብራቶችሽ በጨዋነት ሊበልጡን ነው።»

ስንዱ አልሳቀችም። ፊልሞችን ወደ ምድር የምትወስደው መንኮራኩር ከሰዓት ትነሳለች። ገምጋሚው እስከ መጨረሻው ያላዩት ፊልም አይጫንም። ማሽኑም አርጅቷል፤ ሌላ መንኮራኩር እስኪመጣ የሚቆይ አይመስልም።

«አቶ ገሠሠ፣ ‹በእግዜር› ይበሏቸው። መልስ እየጠበቁ ነው።»

«ለመብራት ነው የምመልሰው?»

«ሰው ማወቂያውን ልንቀለው» አለ ይርዳው። «ማንም ቢገባ ባይገባ ዝም ብለው ይተውናሉ።»

«ከነቀልከው ማንን ነው የሚጠብቁት?» የስንዱ ድምፅ ደክሟል። «ተወው በቃ። ፊልሙም ይቅር።»

እጇን ወደ ማጥፊያው ዘረጋች።

«ቆዪ» አሉ አቶ ገሠሠ።

የሚጠብቋቸውን ሦስት ፊቶች ሲያዩ ቆዩ።

«እናቴ ያረፈች ዕለት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። እዚህ፣ የእጄ ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ መጣ። ከሥሩ የአየር ግፊት ቁጥር ነበር። እሱንም አነበብኩት፤ ሥራ ነዋ። ወጥቼ ምግብ ቤት ስገባ ሰዉ ሁሉ ሰምቷል። አንድም ቀና ያለ አልነበረም።»

ይርዳው አንገቱን ደፋ። ያን ቀን እሱም ምግብ ቤት ነበር።

«ደክሞን ነበር፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። እኔስ ለማን ተነስቼ አውቃለሁ?»

ማሽኑ ያጉረመርማል። ብርሃነ-ሰቦቹ አሁንም ቆመዋል።

«እነዚህ ማን እንደሞተ እንኳ አያውቁም» አለች ስንዱ። «እኔም አልነገርኳቸውም፤ ከየት አውቄው።»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

«ከመለሱላቸው እኮ ወደ እርስዎ ነው የሚመጡት። እስከ መጨረሻው። ይከብድዎታል።»

ሽማግሌው ሰሌዳውን ከእጃቸው ፈትተው ለይርዳው ሰጡት።

«በእግዜር» አሉ። «ተቀመጡ፣ ልጆቼ።»

ሦስቱም ተቀመጡ፤ አንደኛዋ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው። አቶ ገሠሠ ከመሀላቸው ገብተው ተቀመጡ።

«እሺ» አሉ። «ንገሩኝ።»