የታሰረችዋ ሴት ካርታ

ሰው ሞቶ፣ ረፍዶ፣ ጡሩምባ ያልተነፋበት ጠዋት ጎፋ ላይ አይታወቅም። በሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም. ሐምሌ፣ በዚያ እሑድ ግን ካርታ ገላጯ ተሾመች አልጋዋ ላይ ደርቃ፣ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ መሣሪያውን በብብቱ ሸጉጦ ደጅ ቆሞ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተዋል፤ ማልቀስ ይፈቀድ አይፈቀድ ስላላወቁ ግን በግድግዳው ጥግ ተደርድረው የዝናቡን ጭቃ ያያሉ።

መቶ አለቃ በቀለች የቆርቆሮውን በር ገፍታ ገባች። ጣቢያው ውስጥ «ምላሷ ከማዕረጓ ይበልጣል» የሚባልላት ቀጭን ሴት ናት። የጠራቻት የሟች ልጅ ትሩፋት ነበረች፤ የዕድሩ ሰዎች «ተይው» ሲሏት እንቢ ብላ ጣቢያ ድረስ ሮጣለች።

ሬሳው በጎኑ ተጋድሟል። ፊቱ ከመገርጣት ይልቅ ቀልቷል፤ ያ የከሰል ጭስ ሥራ መሆኑን በቀለች ከብዙ ክረምት ታውቀዋለች። ከአልጋው ሥር አመድ የሞላ አዲስ ምድጃ አለ። መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል።

«ከሰል ታነዱ ነበር?» አለች።

«አስም ላለባት ሴት?» አለች ትሩፋት። ዓይኗ ደርቋል። «ቡታጋዙን እንኳ ደጅ ነው የምንለኩሰው። መስኮቱም ክረምት ከበጋ ተዘግቶ አያውቅም። እኔ ትናንት አክስቴ ጋ ሳሪስ አድሬ ጠዋት ስመጣ በሩ ተዘግቷል እንጂ ከውስጥ አልተቀረቀረም።»

«ምድጃ ተሸክሞ የገባን ሰው እንዴት አልሰማችም?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የመጨረሻውን ደንበኛ ስትሸኝ፣ ገና ሳይመሽ፣ የእንቅልፍ ኪኒኗን ውጣ ትተኛለች። ከተኛች መድፍ አይቀሰቅሳትም። ግቢው ሁሉ ያውቃል።»

በሩ ላይ ጉሮሮ ተጠረገ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ሚሳኤል ካቦርታቸውን እንደደረቡ ቆመዋል።

«መቶ አለቃ፣ ነገሩን አናካብደው። ሴትዮዋ ራሷን ነው ያጠፋችው። ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።»

«ሰው ሁሉ ስም የለውም?»

«መጀመሪያ እንኳ የተናገረው ቦጋለ ነው፣ በያጁ። ምድጃውን ራሷ አዛው ሠርቶላታል። ቄሱም ሰምተው ‹ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም› ብለዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ነገር ካልተገኘ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ትቀበራለች። ጡሩምባም አይነፋም።»

«እናቴን እንደ ውሻ!» አለች ትሩፋት።

«እኔ ምን ላድርግ ልጄ? ስንቴ መከርኳት፤ ይህን የጥንቆላ ሥራ ተዪ ብዬ።»

በቀለች ዳኛውን በትሕትና ከበሩ ገፋ አድርጋ ዘጋችባቸው። ያኔ ትሩፋት ከጡቷ መሐል አንድ ካርታ አወጣች።

«በእጇ ይዛው ነበር። ቄሱ እንዳያዩት ቶሎ ደበቅሁት። ከእኔ በቀር ያየው የለም።»

ካርታው ተሾመች በልጅነቷ አስመራ ሳለች ጣልያን እመቤቷ ከሰጠቻት ሰባ ስምንት ካርታዎች አንዱ ነው። ዓይኗን በጨርቅ የተጠፈረች፣ ገላዋን በገመድ የተጠመጠመች ሴት ቆማለች፤ ዙሪያዋን ስምንት ሰይፎች መሬት ላይ ተተክለዋል።

«ፍቺው ምንድነው?»

«የታፈነ ሰው ካርታ ነው። እናቴ ግን ይህን ስታወጣ ጣቷን መጀመሪያ የምታሳርፈው እግሯ ላይ ነው። ‹ዓይኗ ታስሯል፣ እጇ ታስሯል። እስቲ እግሯን እዪ! እሱን ማን አሰረው?› ትላለች። ያንን ሳትናገር ለማንም አሳይታ አታውቅም። መቶ አለቃ፣ መሞት የፈለገች ሴት ‹መሄድ ትችያለሽ› የሚለውን ካርታ ትጨብጣለች?»

በቀለች ሣጥኑን ከፈተች። የቀሩት ካርታዎች እንደወትሮው በጥቁር ሻሽ ተጠቅልለው፣ ሦስት ጊዜ ተቋጥረው፣ ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ፈትታ ቆጠረቻቸው፤ ሰባ ሰባት። ሊሞት የተቻኮለ ሰው አንድ ካርታ አውጥቶ ሻሹን መልሶ ሦስት ጊዜ አይቋጥርም። ካርታውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ጠርዙ ወዝቷል፤ ኮሰረት ኮሰረት ይሸታል።

«እናትሽ ቅቤ ትነግድ ነበር?»

«ኧረ! እሷ እጇን ሳትታጠብ ካርታ አትነካም። ቅቤ ነጋዴዋ ገዲሴ ናት፣ ከጓሮው ቤት። የቦጋለ ሚስት።»

በቀለች መጀመሪያ ያነጋገረችው ግን በአንድ ግድግዳ የምትዋሰነውን ልብስ ሰፊዋን ሪሐናን ነው።

«ትናንት ማምሻውን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መስኮቷ ሲዘጋ ሰምቻለሁ» አለች ሪሐና። «ገረመኝ። ሄጄ ባየሁ! የስፌት መኪናዬን መርገጤን ቀጠልኩ።» እጇን በጉልበቷ ላይ አሸች። «ለእኔም ያ ካርታ ወጥቶልኝ ነበር። ‹እግርሽን እዪ› አለችኝ። በሳምንቱ ከአጎቴ ቤት ወጥቼ ይቺን ክፍል ተከራየሁ። ወላሂ፣ ስለ እሷ የምለው ክፉ የለኝም።»

የጓሮው ቤት መስኮት በወፍራም ፌሮ ተፈርግርጓል። በሩ ላይ ቦጋለ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል፤ ሚስቱ ከኋላው ዱካ ላይ ተቀምጣለች።

«ስምሽ ማነው?» አለች በቀለች።

«ገዲሴ ትባላለች» አለ ቦጋለ።

«አፍ አላት ወይስ እሱንም በይደህዋል?»

ቦጋለ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «መቶ አለቃ፣ እኛ ጠንቋይ ቤት የምንሄድ ሰዎች አይደለንም። አርብ ዕለት በሯ ላይ ቆማ ምድጃ ሥራልኝ አለች፤ ሠርቼ እዚያው በሯ ላይ አስረከብኳት። ጓዳዋንም ካርታዋንም በዓይኔ አላየሁም።»

«ሚስትህስ?»

«ያልኩት ለሁለታችንም ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በእጇ የያዘችው ነገር... አልነበረም?»

«ለምን ጠየቅህ?»

«እንዲያው። ራሱን የሚያጠፋ ሰው አንዳንዴ ምልክት ይተዋል ይባላል።»

በቀለች ዓይኗን ወደ ገዲሴ ወረወረች። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ፣ በጭቃ የተለወሰ ነጠላ ጫማ ያደረጉ እግሮቿን ትኩር ብላ ታያለች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን በቀለች ሁሉንም በተሾመች በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች የግቢውን በር ይዘዋል። የሬሳ ሣጥኑ በጣውላ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። በቀለች ካርታውን ደብተሯ ውስጥ እንደሸሸገችው ቆመች።

«ተሾመች ስትሞት አንድ ካርታ ይዛ ነበር» አለች። «የታሰረችዋን ሴት። እኔ ጥንቆላ አላውቅም፤ እናንተ ፍቱልኝ። አቶ ቦጋለ፣ ከአንተ እንጀምር።»

ቦጋለ ከጠዋት ጀምሮ ያፈነውን ትንፋሽ የለቀቀ መሰለ። «ታዲያ ይሄ ምን ፈቺ ያስፈልገዋል? ዓይኗን ተሸፍና፣ በሰይፍ ታጥራ፣ መሐል ተገትራ! መውጫ የላትም። ተስፋ ቆርጫለሁ ማለቷ ነው፤ አለቀ።»

«የለም፣ የለም!» አሉ አቶ ሚሳኤል። «እግሯ እኮ አልታሰረ...» ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋቸው።

«አባባ ሚሳኤልም?» አለች ሪሐና። በዚያ ሐዘን መሐል አንዷ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አሉ ዳኛው ወደ መሬት እያዩ። «ያውም ለልጄ ጉዳይ።»

«ይባረኩ፣ አፍዎ ፍትሐቷን አስመለሰላት» አለች በቀለች። ከዚያ ወደ ቦጋለ ሁለት እርምጃ ቀረበች። «ስማኝ። ካርታውን ልጅቷ በጡቷ ደብቃ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ዛሬ ያየው ሌላ ሰው የለም። እኔ ‹የታሰረች ሴት› አልኩ እንጂ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ሰይፍ ትንፍሽ አላልኩም። አንተ ደግሞ ካርታዋን በዓይኔ አላየሁም ብለሃል። ሰይፉን ከየት አመጣኸው?»

«ሰው... ሰው ሲያወራ ሰምቼ...»

«ሰው ሲያወራማ ቢሆን ፍቺውንም በሰማህ። ተሾመች እግሩን ሳትጠቁም ያንን ሥዕል አታሳይም። ሪሐና ታውቃለች። የዕድሩ ዳኛ ሳይቀሩ ያውቃሉ። በዚህ ግቢ ሥዕሉን ያወቀ ሁሉ ፍቺውን ያውቃል። ሥዕሉን አውቆ ፍቺውን ያላወቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ፍቺው ሳይነገረው፣ ካርታውን ተደብቆ ያየው ሰው ነው።»

ቦጋለ ወደ ግቢው በር አየ። ፖሊሶቹም አዩት።

«ካርታው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የቀሩት ሰባ ሰባቱ በሦስት ቋጠሮ እንደታሰሩ ናቸው፤ ስለዚህ ትናንት ከዚህ ሣጥን አልወጣም። ከቅቤ ነጋዴ ቤት ነው የመጣው። ምድጃው ደግሞ ላሜራው ተበይዶ፣ እግሩ ፌሮ ነው፤ የገበያው እንዲህ አይደለም፣ ይታጠፍና በምስማር ይመታል። የእጅ ሥራህ ስለሚያሳብቅ ‹ራሷ ናት ያዘዘችኝ› ብለህ ቀደምክ። ከሰል ሲሸታት የምትታፈን ሴት ምድጃ አዘዘች ብለህ! ለምን ካርታውን እጇ ላይ እንዳስቀመጥክ ብቻ ነው ያልገባኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። መልሱ የመጣው ከኋላ ነው።

«ለእኔ ነው» አለች ገዲሴ።

«ዝም በይ አንቺ!»

«ለእኔ ነው ያስቀመጠው።» ወደ ቦጋለ አላየችም። «ከሁለት ሳምንት በፊት ተደብቄ መጣሁ። እማማ ተሾመች ካርታውን ሰጠችኝና ‹የወጣሽ ዕለት ትመልሺልኛለሽ› አለችኝ። ከቅቤው ቅል ሥር ደበቅሁት። ሐሙስ ዕለት ጠፋ። ትናንት ማምሻውን እጁን እየታጠበ ‹ነገ መካሪሽ የት እንደደረሰች ታያለሽ› አለኝ። ጠዋት ልጮህ አስቤ...» ቀና ብላ ትሩፋትን አየቻት። «ፈራሁ። ይቅር በዪኝ።»

ትሩፋት ፊቷን ወደ ሣጥኑ አዞረች።

«ቤቴን ልታፈርስ!» አለ ቦጋለ፣ እጁን ሲይዙት። «አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩትን ቤት በአንድ ቁራጭ ወረቀት! መካሪዋም ብትሆን መውጫ እንደሌላት ሚስቴ ትይ ብዬ ነው!»

«ወረቀቱን እስከ እግሯ ድረስ ብታነበው ኖሮ ሌላ ትመርጥ ነበር» አለች በቀለች። «ውሰዱት።»

አቶ ሚሳኤል ካቦርታቸውን አስተካክለው ጡሩምባ ነፊውን በአገጫቸው ጠቀሱት፤ ራሳቸው ደግሞ በዝናቡ ወደ ቄሱ ቤት ገሰገሱ። ጡሩምባው ሲነፋ ከጠዋት ጀምሮ የታመቀው ልቅሶ ግቢውን ሞላው። ትሩፋት በሣጥኑ ላይ ተደፍታ፣ ገና አሁን፣ እንባዋ ወረደ።

ገዲሴ ዱካዋ ላይ ቀርታለች። በቀለች አጠገቧ ቆመች።

«ካርታው ማስረጃ ነው፤ አልመልስልሽም።»

«ምን ያደርግልኛል? እኔ ልሄድ ስል እሷ ሞተች።»

«የገደላት እሱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» አለች በቀለች፤ ገዲሴ ግን ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች። የገደላት ማን እንደሆነ መንገር ይቻላል፤ እንዲያምኑት ማድረግ ሌላ ሥራ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሣጥኑ በትከሻ ወጣ። ገዲሴ ተነሣች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ከለቀስተኛው መጨረሻ ተሰለፈች። ግቢውን ስትለቅ ወደ ጓሮ አልዞረችም። የቤቷ በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ዝናቡ እየገባበት፣ ቀረ። በቀለች ልትጠራት አፏን ከፈተችና ተወችው።