ግራ እጅ የበላው ወርቅ

ብዕሩ ከፋይ በለበሰው ትሪ ላይ ተጋደመ። ክዳኑ ወደ ቀኝ ዞሯል።

ወደ ግራ ቢዞር «ታውቆብናል፣ ጥፋ» ማለት ነበር። ወደ ቀኝ ሲሆን ግን «ውስጡን እይ» ነው።

«መርፌ» የሚሉት ሰው ፊቱ ላይ ምንም አላሳየም። አጉሊ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደና እንደ ማንኛውም ጠጋኝ ብዕሩን በሁለት ጣቱ አነሳው። ይከብዳል። እጀታው ንጹህ ፕላቲነም፣ ጫፉ አሥራ ስምንት ካራት ወርቅ ነው።

«ቀለሙ ይቆራረጥብኛል» አለ ባለቤቱ። ሰዉ ሁሉ ደላላው ይለዋል፤ የሚያሻሽጠው ግን ቤትና መኪና አይደለም። «ሁለት ዓመት እንደ ምንጭ ሲፈስ ኖሮ፣ ካለፈው ወር ወዲህ አንድ ፊርማ አልጨርስ አለ። እኔ እንኳ ለሰው እጅ አልሰጥም ነበር። የእሷ ውትወታ ነው።»

እሷ ያላት ጸሐፊዋን ነው። ግራጫ ኮት ለብሳ አጠገቡ ቆማለች።

«የዚህ ሱቅ ጠጋኝ የብዕር ሐኪም ነው ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች። መርፌን አላየችውም።

«ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል ጌታዬ።»

«ስድስት ሰዓት። ከጫፉ በቀር ምንም እንዳትነካ፤ አንዲት ደቂቃም እንዳታልፍ!»

ደላላው እጁን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ ወደ በሩ መራት። መርፌ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው።

ጀርባው የሚስቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከስለላ መሥሪያ ቤታቸው አንድ ሰው የባልደረቦቹን ስም ይሸጣል። በዚህ ሰበብ ሦስት ሰዎች ተገድለዋል። ስሞቹ ወደ ገዢዎች የሚሻገሩት በደላላው በኩል መሆኑ ታውቋል፤ ሻጩ ማን እንደሆነና ደላላው በምን እንደሚያሻግራቸው ግን የሚያውቅ የለም። አለቃቸው፣ አጎት የሚሉት ሽማግሌ፣ ባልና ሚስቱን ለያይቶ ተከላቸው። ባልየው «መርፌ» ተብሎ ሀብታሞች ብዕር የሚያስጠግኑበት ሱቅ ጓዳ ገባ። ሚስትየዋ «ሐር» ተብላ ደላላው ቢሮ ተቀጠረች።

አሥራ አራት ወር ሆናቸው። ቢሮው ከአደባባዩ ማዶ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመርፌ መቀመጫ ደግሞ፣ እርኩስ ዕድል ሆኖበት፣ ልክ ከመስኮቱ ትይዩ። መቼ እንደምትስቅ፣ ደላላው መቼ ወንበሩን ወደ ወንበሯ እንደሚያስጠጋ ያውቃል። ሥራ ነው ይላል ለራሱ። ሥራ መሆኑን አእምሮው ያውቃል፤ ሆዱ ግን አልተነገረውም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ደላላው ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ መርፌን ይበልጥ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ሰው እንዴት ሳይናቅ ይነጠቃል?

ወደ ሥራው ተመለሰ። መጀመሪያ ውስጡን ማየት ነበረበት። ምልክቱ ግልጽ ነው።

ዓይኑ ግን ጫፉ ላይ ቀረ።

የወርቅ ጫፍ ከባለቤቱ እጅ ጋር ነው የሚያረጀው። ሲጫነው ይጎብጣል፣ ሲያጋድለው በአንድ ወገን ይበላል። ሙያውን ያስተማረው አሮጌ አንጥረኛ «መኪናውን የሚያውስ ሀብታም አይቻለሁ፤ ብዕሩን የሚያውስ ግን አላየሁም፤ በሌላ እጅ ከተጻፈበት ለእሱ አይሆንም» ይለው ነበር።

ይህ ጫፍ በግራ በኩል ተበልቷል። ደላላው ደግሞ ቀኝ እጀኛ ነው።

መርፌ አበላሉን ያውቀዋል። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት የራሱን ብዕር በዚሁ ዓይነት አበላሽታበት፣ አንድ ሳምንት ሲያኮርፋትና ስታሾፍበት ከርመዋል። ሐር ግራኝ ናት።

ብዕሩን አዋሳት።

ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ ስትጽፍ፣ ደላላውም ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋ ላይ ሲያነብ ታየው። ምን ጻፈች? ለማን? ብዕሩን የሰጠ ወንድ፣ ሳይሰጥ ያስቀረው ነገር ምን ይሆን? እሷስ በምላሹ ምን ሰጠች? ስም? የሞቱትን የሦስቱን ስም?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መሳቢያውን ከፍቶ፣ ከጨርቆቹ ሥር ሁለተኛውን ስልክ አወጣ።

«አጎት።»

«ልጄ። በዚህ ሰዓት?»

«ሐር ከድታለች።»

«በምን አወቅህ?»

«የደላላው ብዕር እኔ ጋ ነው። ጫፉን ግራ እጅ በልቶታል። ስትጽፍበት ከርማለች። ብዕሩን ለማንም አይሰጥም፣ ለእሷ ግን ሰጣት።»

«ብዕሩ አንተ ጋ ነው?»

«እሷ ናት ወትውታ ያስመጣችው።»

«ከፈትከው?»

«ገና።»

«አትክፈተው። እንዳለ መልስለት። እሷን ለእኔ ተዋት።»

መስመሩ ተዘጋ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መርፌ ደስ አለው። አሥራ አራት ወር ሙሉ ሲያርር የነበረው አንጀቱ ለአንዲት ደቂቃ ቀዘቀዘ። ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን ግን ያን ጊዜ አላሰበም።

አትክፈተው ተብሏል፤ አይከፍተውም። የተጣመመ ጫፍ ሳያቃና መመለስ ግን እጁ እምቢ አለው። ጫፉን አቃና፣ አለሰለሰ፤ ከዚያ ቀጭን የናስ ቅጠል አንስቶ ወርቁ ለሁለት በተሰነጠቀበት መስመር አሳለፈው። ቆሻሻ ይዞ ወጣ። ቡናማ፣ ሻካራ ብናኝ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አራግፎ በመነጽሩ አየው።

ካርቶን።

ጫፉን እንደገና አስተዋለው። ጎኑ ላይ ያለው ጭረት በጽሕፈት የሚመጣ አይደለም። አንድ ሰው እያወቀ፣ ሻካራ ነገር ላይ ቀን በቀን ፍቆታል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያየው ነበር። ቀናተኛ ባል ግን አላየውም።

ካርቶን ላይ የፍቅር ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። ብዕሩን ያበላሸችው ጠጋኝ ዘንድ እንዲመጣ ነው። እሱ ዘንድ እንዲመጣ። መልእክት መላክ ከፈለገች ግን በአጎት በኩል ቀላል መንገድ ነበራት።

ለምን በአጎት በኩል አላከችም?

የእጀታውን ጭራ ይዞ ፈታው። የቀለም ማጠራቀሚያው ከሚገባው በላይ አጥሯል፤ ከኋላው ክፍት ቦታ ተትቷል። በወስፌ ሲነካው እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ ስስ ወረቀት ወጣ። አምስት ስሞች ሰፍረውበታል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የእሱና የእሷ ናቸው፤ የሽፋን ስማቸው ሳይሆን እናቶቻቸው ያወጡላቸው።

የእጅ ጽሕፈቱንም ያውቀዋል። የጋብቻ ወረቀታቸው ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመው እጅ ነው።

የአጎት እጅ።

አሁን ሁሉም ነገር ተገለጠለት። አጎት እሱን እዚህ የተከለው፣ ደላላው ብዕሩን ለማንም ስለማይሰጥ ምንም አያገኝም ብሎ ነው። ሐር ብቻዋን ደረሰችበት፤ ማንንም ስላላመነች ባሏን አመነች። ባሏ ደግሞ ብዕሩ እንደተነካና ማን እንደነካው ራሱ ደውሎ ለሻጩ ነገረው።

አምስት ሰዓት ከሃያ። ወረቀቱን ፎቶ አነሳው። ከአጎት በላይ ያለችው የመሥሪያ ቤቱ ሹም፣ ለክፉ ቀን ብቻ የምታገለግል ቁጥር በቃሉ አስይዛዋለች። ያ ቀን ዛሬ ነው፤ ከፎቶው ጋር ጽፎ ላከላት። «ሻጩ አጎት። ሐር አምስተኛ ፎቅ ላይ ናት። አሁኑኑ።»

መልሱ መጣ። «ሃያ ደቂቃ።»

ቀና አለ። የማዶው መስኮት መጋረጃ ተዘግቷል። በአሥራ አራት ወር ውስጥ በቀን ተዘግቶ አያውቅም።

ሃያ ደቂቃ አይጠበቅም። ብዕሩን ገጣጥሞ፣ ከፋዩ ላይ አጋድሞ፣ ትሪውን እንደያዘ አደባባዩን አቋረጠ። አይሮጥም። የሚሮጥ ጠጋኝ የለም።

«የብዕር ሐኪም ነኝ። ሕክምናው ቶሎ አለቀ» አለው ዘበኛውን። ዘበኛው ስቆ አሳለፈው።

አምስተኛ ፎቅ።

ሐር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ግራ እጇ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ጣቶቿ ጣት ሊታጠፍ በማይገባው በኩል ታጥፈዋል። ፊቷ ገርጥቷል። አላለቀሰችም። ከኋላዋ አንድ ጠብደል ሰው ቆሟል።

«ሐኪም!» አለ ደላላው። ዓይኑ ደም ለብሷል። «ጥሩ ሰዓት መጣህ። እስቲ ንገረኝ፣ ብዕሬን የበላው የትኛው እጅ ነው?»

«የእርስዎው ነው ጌታዬ። በጣም ይጫኑታል።»

«ውሸትህን ነው! ግራ እጅ ነው ተብሎ በስልክ ተነግሮኛል።»

ያን ጊዜ ሐር ባሏን ቀና ብላ አየችው።

ይህን ከጫፉ ላይ ማንበብ የሚችል ሰው አንድ ብቻ መሆኑን ታውቃለች።

መርፌ ዓይኗን መቋቋም አቃተው። ሥራ ግን ሥራ ነው፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል። አጎት የእሱን ማንነት ለደላላው አልነገረውም፤ ብዕሩ በሰላም እንዲመለስ ፈልጓል። መርፌ ይህችኑ ቀዳዳ ያዘ።

«እንግዲያው ይቅርታ ጌታዬ። ደንበኛ አይጣላ ብዬ ነው። አዎ፣ ሌላ እጅ ገብቶበታል።»

«የእኔን ብዕር!» አለ ደላላው። ስለ ስለላው ከተናደደው በላይ በዚህ ተንገበገበ። «ምሳ ስበላ ሾርባ እንዳይነካው ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ። በእኔ ብዕር!»

«አቃንቼዋለሁ። ግን በእጅዎ ሳይሞከር አይታወቅም። ይጻፉበት።»

ደላላው ጻፈ። ቀለሙ ሳይቆራረጥ ወረደ።

«ትንሽ ያጋድሉት። እንደገና። አሁን ፊርማዎን፣ ረዘም አድርገው። ይሄኛው ላይ ትንሽ አልደረቀም? አንዴ ይድገሙት።»

ሁለት ቀናተኛ ወንዶች አንድ ወረቀት ላይ አጎነበሱ። ደላላው እንደ ሕፃን ተደሰተ። አሥር ጊዜ ፈረመ፣ ሃያ ጊዜ ፈረመ። ሃያ ሦስተኛውን ሲጀምር የሹሟ ሰዎች በሩን ሰብረው ገቡ።

አጎት የተያዘው በዚያው ቀን፣ ሻንጣውን እያሰረ ነው። ወረቀቱ ላይ ስማቸው የሰፈረው ሦስቱ ቀሪ ባልደረቦችም ተረፉ። ሹሟ መርፌን ጠርታ «ሥራው ተጠናቋል» አለችው። ለአጎት ማን እንደደወለ ግን እሷም አልጠየቀች፣ እሱም አልተናገረም።

በአራተኛው ቀን ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አገናኟቸው። ጠረጴዛው ላይ ቅጽ አለ። አዲስ ስም፣ አዲስ ከተማ። ባልና ሚስት አብረው መሄድ ይችላሉ፤ ሁለቱም ከፈረሙ ነው። እሱ አስቀድሞ ፈርሟል። የእሷ እጅ እስከ ክርኗ በጄሶ ታሽጓል። ሐኪሞቹ ሁለት ጣቶቿ እንደማይመለሱ ነግረዋታል።

«ሁለት ወር ሙሉ ፍቄው፣ ማንም ባያየው አንተ ታየዋለህ ብዬ ነበር» አለች።

«አየሁት እኮ።»

«አይተህ ደወልክ።»

«ቀናሁ» አለ።

«እኔስ አልቀናሁም? ሱቃችሁ ባንኮኒ ላይ ከምትሸጠው ልጅ ጋር ስትስቅ አይቼ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ግን ስልክ አላነሳሁም።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ሁለተኛ ብትደውል ግን ይቅር የሚልህ ማን ይተርፋል?»

በቀኝ እጇ ከጠረጴዛው ላይ ተራ ስክሪብቶ አነሳች። ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ምላሷን ነክሳ፣ አንዷን ፊደል ከሌላዋ እያራቀች ጻፈች። ረጅም ጊዜ ፈጀባት። እሱ ተገልብጦ የሚታየውን ቃል ገና ሳታገባድደው አነበበው።

«ብቻዬን።»

አመሻሹ ላይ አውቶቡስ ተራ ነበር። ኪሱ ውስጥ የማያውቀው ሰው ስም ያለበት መታወቂያ አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ተሳፋሪ ወሬ ወዳድ ቢጤ ነው።

«ወንድሜ፣ ወዴት ነህ?»

«እስከ መጨረሻው።»

«ቤተሰብ አለህ እዚያ?»

«የለኝም» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።