የአርቡ ዘገባና የካሪባ ውሃ

ናሊሼቦ ሐይቁን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ አርብ፣ ስለ እሱ ስትጽፍ ኖራለች።

ሥራዋ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ፣ ኤሌክትሪክ በጅምላ ገዝቶ የሚሸጥ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ኃይል የሚገበያዩበትን ገበያ የሳምንት ውሎ የምትዘግበው እሷ ነች። ዋጋው በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ በቀን ሃያ አራት፣ በሳምንት መቶ ስድሳ ስምንት ዋጋ። ሌላው ሰው ቁጥር በሚያይበት ሰሌዳ ላይ ለእሷ አገር ይታያታል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዋጋው ሽቅብ ሲወጣ፣ ከካፉዌ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሴቶች በአንድ ጊዜ የንሺማ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ድስት ሲጥዱ ይታያታል። እኩለ ቀን ላይ ሲወርድ ደግሞ የናሚቢያ በረሃ ፀሐይ ሥራዋን መጀመሯን ታውቃለች። ስንት ጊዜ አይታው አሁንም አፏን ይዛ ትቀራለች።

ከሁሉ በላይ ግን ገበያውን የሚዘውረው ውሃ ነው። የካሪባ ሐይቅ ሲሞላ ዋጋ ይረግባል፣ ሲጎድል ይሰቀላል። ስለዚህ ዘወትር ጠዋት በሁለት ሰዓት ሙንሳካ የሚባል ውሃ ለኪ ከሲያቮንጋ፣ ከካሪባ ግድብ ይደውልላታል።

«አራት መቶ ሰባ ስድስት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር። ጻፊ እንግዲህ፣ ታንኳ ላይ የተወለድሽ!»

«ጻፍኩት፣ እረኛዬ። ላሞችህ ካልጠጡት ትክክል ይሆናል።»

እሱ ከብት አርቢ ከሆኑት ከቶንጋ ሕዝብ ነው፣ እሷ በወንዝ ዳር ታንኳ ከሚቀዝፉት ከሎዚ። ቶንጋና ሎዚ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቀብር ላይ ሳይቀር ሲዘላለፉ የሚቆጣቸው የለም፣ የተቆጣ ቢኖር ነውረኛው እሱ ነው። እንዲህ ያለው ዝምድና ለወሬ ይመቻል። ለፍቅር ግን ክፉኛ አያመችም፤ የልብን ተናግሮ የሚታመን አይገኝምና።

ድርቅ በበረታበት ዓመት ገበያው እሳት ሆነ፣ ስልካቸው ደግሞ ረዘመ። ቁጥሩን ከተቀባበሉ በኋላ ስልኩን የሚዘጋ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በኅዳር፣ ሙንሳካ ለስብሰባ ሉሳካ መጥቶ መሥሪያ ቤቷ ምግብ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከሳቁ ይልቅ ዓይኑ የሚያወራ ሰው ነበር። በዚያ ምሳ ላይ ማናቸውም ሌላውን አልዘለፈም። ንሺማው እስኪቀዘቅዝ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ቆይተው፣ ሁለቱም አፍረው ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ።

በየካቲት የሙንሳካ አጎት ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ በናሊሼቦ አባት ደጃፍ ቆመ።

«ለእህቴ ልጅ፣ ልጅዎን ልጠይቅ መጥቻለሁ» አለ።

አባቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሳቅ ይወዳሉ። አንድ ቶንጋ ደጃቸው ቆሞ እንዲህ ሲል ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ኑ ጉድ ስሙ! እረኛዬ ልጄን ሊጠይቅ መጣ!» ብለው ጎረቤት ጠሩ። ሽማግሌውን መሬት አስቀመጡት፤ ለከበረ እንግዳ የማይቀርበውን የዶሮ እግር አቀረቡለት። ባህሉ ነውና አጎት መቆጣት አይችልም። አብሮ ሳቀ፣ የዶሮ እግሩን በላ፣ ያለ መልስ በአውቶቡስ ተመለሰ።

በማግስቱ ሙንሳካ ደወለ። «አጎቴ መጥቶ ነበር። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ምን እላለሁ? ሎዚ እረኛዋን አታገባም!» ብላ ተንከተከተች።

እሱም የአጸፋ ቀልዱን እስኪያሳምር ጠበቀች።

«አራት መቶ ሰባ ስድስት ከሠላሳ» አለና ዘጋው።

ከዚያ ወዲያ ቁጥር ብቻ ሆነ። ናሊሼቦ የሆነ ነገር እንደተሰበረ ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ግን ኩራቷ አልፈቀደም። ከሦስት ሳምንት በኋላ በእሱ ፈንታ ባ ሲያምዊንጋ የሚባሉ አዛውንት የሥራ ባልደረባው መደወል ጀመሩ።

ሚያዝያ ላይ ውሃው መጣ። ከወራት በፊት አንጎላ ላይ የዘነበው ዝናብ የዛምቤዚን ወንዝ ይዞ ሲጓዝ ከርሞ ሐይቁ ደረሰ። ናሊሼቦ በዚያ አርብ ጠዋት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በዚህ ሳምንት ከውሃ የመነጨው ኃይል በሲሶ ጨምሯል፤ አማካይ ዋጋ በግማሽ ወርዷል። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ በነጻ ሊባል ጥቂት ነበር የቀረው።»

ጽፋ ስታበቃ ይህን ተአምር የምትነግረው አንድ ሰው ፈለገች፣ ያም ሰው ማን እንደሆነ አወቀች። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ፤ ባ ሲያምዊንጋ ናቸው።

«ሙንሳካ የት ነው?» አለች፣ ቁጥሩን ሳትሰማ።

«ዕቃውን እየሸከፈ ነዋ። ናሚቢያ፣ ሌላ ግድብ ላይ ሥራ አግኝቷል። ነገ በጠዋት ይሄዳል።»

«ምነው? ምን ሆኖ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ፣ ልጄ? አጎቱን የዶሮ እግር አብልታችሁ የሸኛችሁት እናንተ!»

«ያ እኮ ቀልድ ነበር!»

«በእናንተ በኩል» አሉ ሽማግሌው። «እሱስ ከልቡ ነበር።»

ዘገባውን አለቃዋ ሳያየው ላከችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ወደ ሲያቮንጋ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ካፔንታ በሚሉት ደቃቅ የደረቀ ዓሣ በተሞላ ጆንያ ላይ እግሯን ሰቅላ፣ አባቷንም ራሷንም ስትረግም ተጓዘች።

ከመጨረሻው ኮረብታ ላይ ሐይቁ ታያት።

ሦስት ዓመት «ውሃ» እያለች ስትጽፍ ይህን መጻፏ እንደሆነ አላወቀችም ነበር። ማዶ የለውም። ሰማዩ እዚያው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ውሃ በአባቶቿ ሜዳ ላይ ተኝቶ፣ ሎዚዎችን በታንኳ ከቤታቸው አስወጥቶ፣ ከዚያ ነው ወደ ሙንሳካ ሸለቆ የወረደው። አስፋልቱ ላይ ወርዳ ቆመች፣ አለቀሰችም።

ሙንሳካን ያገኘችው ግድቡ አናት ላይ ነበር፤ የመጨረሻውን ልኬት መዝግቦ ደብተሩን ሲያጥፍ።

«ሎዚ!» አለ ደንግጦ። «ታንኳሽን የት አሰርሽው?» አፉ ቀለደ፣ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

«አትሂድ።»

«ምነው፣ ላሞችሽ ጠባቂ አጡ?»

ያኔ ገባት። ምንም ብትል ቀልድ ይሆናል፤ እወድሃለሁ ብትለውም ይስቅና ያልፋል። ቦርሳዋን አስቀመጠችና በግድቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከች። ሎዚ ለንጉሥና ለታላላቆች እንደሚያደርገው፣ መዳፎቿን ገጥማ ቀስ ብላ አጨበጨበች። ሎዚ ለቶንጋ ይህን በቀልድ አድርጎ አያውቅም።

ሙንሳካ ፊቱ ተለዋወጠ። «ተነሺ… ተነሺ እባክሽ።»

«ለአጎትህ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «መልስ ሳንሰጠው ለሄደው ሰው። መልሱ እሺ ነው፣ ሙንሳካ። ያን ዕለትም እሺ ነበር።»

ከሥራቸው ውሃው ያጉረመርማል፤ ግድቡ ራሱ ይንቀጠቀጣል። እሱም ቀስ ብሎ ከጎኗ ተንበረከከ። «አልሄድም» አላት።

በኋላ ስልኳን አውጥታ፣ እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ አባቷ ጋ ደወለች።

«ንዳቴ፣ በየካቲት የመጣው ሽማግሌ የምሩን ነበር።»

አባቷ ቀስ ብለው ጠየቁ። «ልጄን ሊጠይቅ በመጣ ሰው ላይ ነው የሳቅኩት?»

«አዎ።»

«የዶሮ እግር ነው ያበላሁት?»

«አዎ፣ ንዳቴ።»

አባቷም፣ ልጃቸው ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ «ነገ በጠዋት እኔው ራሴ እመጣለሁ፤ ሽማግሌው ቤት ገብቼ ይቅርታ እለዋለሁ» አሉ።

ሙንሳካ ዓይኑ ፈጠጠ። «የልጅቷ አባት ወደ ወንዱ ቤት? ታውቂያለሽ አይደል? ሎዚ ልጄን ተቀበሉኝ ብሎ በእግሩ መጣ እያሉ ቶንጋዎች መቶ ዓመት ይስቁባችኋል!»

ናሊሼቦ እጁን ይዛ ተነሣች።

«ይሳቁብን» አለች። «ተራው የእናንተ ነው።»