ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሰማሁት ካቴና

ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ወጊ የሚያወራኝ ሰው ድሮም ያበሳጨኝ ነበር፣ እኔ አራዳ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ መካኒክ ነኝ፣ ድምፅ ካለ የሚጋጭ ብረት አለ፣ ሌላው ወሬ ነው ባይ ነበርኩ። ዛሬም እንደዚያ ማለት ብችል ደስ ባለኝ።

ታላቅ ወንድሜ አያ ጌጡ ከደባርቅ አዲ አርቃይ ሚኒባስ ይነዳል፣ ያንን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በየቀኑ ይወርዳል ማለት ነው። መኪናው ጠዋት ሲነሳ ከፊት በኩል ይንቋቋል ብሎ ደወለልኝ፣ እኔም የካቴናው፣ ማለትም የሞተሩ የውስጥ ሰንሰለት መወጠሪያ ደክሞ ይሆናል፣ ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ቀጥ ይላል፣ ፍሬንና መሪ ይከብድሃል፣ ሳላየው እንዳትነዳ አልኩት። እሱ ግን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የመናኸሪያ ሹፌሮችን ምክር ሰምቶ ወፍራም ዘይት ሞላበት። ንዴቴን አልነግርህም። ለአዲ አርቃይ ሙቀት ይሁን፣ በደባርቅ ውርጭ ያደረ ወፍራም ዘይት እኮ እንደ ማር ነው የሚጎተተው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው መወጠሪያ ጋ እስኪደርስ ካቴናው ላልቶ ሽፋኑን ይደበድባል፣ ሲሞቅ ደግሞ ድምፁን ያፍነውና ዳነ ብለህ ትነዳለህ።

እየተሳደብኩ ደባርቅ ሄድኩ፣ ዘይቱን ገልብጬ ትክክለኛውን ቀጭን ዘይት ሞላሁ፣ መወጠሪያውን በአዲስ ቀየርኩ፣ ካቴናውንም አየሁት፣ ደህና ነው። በማግስቱ ማለዳ ተሳፋሪ ተሰልፎ እየጠበቀ አያ ጌጡ ሞተሩን አስነሳ፣ አንድም ኮሽታ የለም። ለማረጋገጥ ያህል የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሽፋኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳዳምጥ፣ ቅጭልጭል የሚል ድምፅ መጣ። አጥፋው አልኩት።

ሞተሩ ጠፋ፣ ድምፁ ግን ቀጠለ። አጥፋው እኮ ነው የምልህ ብዬ ጮኽኩበት። ወርዶ መጣና ቁልፉን ፊቴ ላይ አንጠለጠለው።

«ምነው አንተ፣ አጥፍቸዋለሁ እኮ። ምን ሆነሃል?»

እመነኝ፣ ቺንጋው ቆሟል፣ ማራገቢያው ቆሟል፣ እጄን ሞተሩ ላይ ሳደርግ ንዝረት የለም፣ እጀታው ውስጥ ግን ካቴና ይሮጣል። ካቻቢቴውን ሳነሳ ጭጭ ይላል፣ ሳስጠጋ ይመጣል። እንግዲህ ለዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ምን ልበል? የጠፋ ሞተር ይጮኽብኛል ልበል? ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ፣ እኔ ከንቱ፣ ሸጋ ነው ሂድ አልኩት።

ሰባት ሰዓት ላይ ከአዲ አርቃይ ደወለ፣ በሰላም ደርሻለሁ፣ ማኪናዋ ሸጋ ሆናለች አለኝ። ከንግግሩ ጀርባ ያው ቅጭልጭል ይሰማኛል።

«አያ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋው» አልኩት።

«የምን ሞተር? ምግብ ቤት ገብቸ ምሳ እየበላሁ ነው። ማኪናዋ መናኸሪያ ቁማለች።»

እሱ ምንም አይሰማውም። የምሰማውን ነግሬው ሥራውን ትንሽ ጊዜ እንዲተው ለመንኩት፣ ልጆቼን አንተ ታበላልኛለህ ወይ ብሎ ተቆጣኝ፣ ሚስቱ ደግሞ ጠበል ውሰዱት አለች፣ እኔን ማለቷ ነው። ይኸው ዛሬም ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳል፣ በደወለ ቁጥርም ድምፁ አለ። ብረት ቢሆን ፈትቼ እጥለው ነበር፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ትናንት ሲደውል ደግሞ ቅጭልጭሉ ላላ ብሏል፣ ጥርስ ሊዘል የተቃረበ ካቴና እንዲያ ነው የሚለው፣ ስንት ጊዜ የሰማሁትን አልስተውም። ምኑን እንደምቀይርለት ግን አላውቅም።