አሥራ ሁለተኛው ደብተር

ማክሰኞ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ አቶ ኒቆዲሞስ ከዚራ ሰፈር በተከራዩት ቤት ወለል ላይ በጀርባቸው ወድቀው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከብረት ሳጥኑ ጠርዝ ሥር ነበር። ማራገቢያው ይዞራል። መነጽራቸው ታጥፎ በደረት ኪሳቸው ተቀምጧል። በክፍሉ ዙሪያ አሥራ ሁለት ወንበሮች፣ ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት ደብተሮች ነበሩ። የተሰበረ ነገር የለም፤ የጎደለም የለም።

ኢንስፔክተር ስምረት የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ክፍሉን ዙሪያውን አየች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። ሙት ባየች ቁጥር ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ነፍስ ይማር» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ለመስማት እንጂ ለመናገር አትቸኩልም።

አስከሬኑን ያገኙት ወይዘሮ አስካለማርያም ግቢው ውስጥ በዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩ የቀድሞ መምህርት ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል፤ ጥቁሩ ግን የዛሬ አይደለም፣ በፀሐይና በእጥበት ነጥቷል።

«ወንበሩ፣ ደብተሩ… የምን ማኅበር ነው ይሄ?» አለች ስምረት።

«ልጆቻችንን ቤት የምናስተምር ወላጆች ነን። እኔ ሊቀመንበር ነኝ፣ ኒቆዲሞስ የሚያስተምረው ልጅ ባይኖረውም ጸሐፊያችን ነበር። አንዱ ልጁ ታሞበት ነው፣ ሌላው በራሱ ምክንያት። ለየብቻ ስንሄድ ትምህርት ቢሮው ‹ሕጉ ስለ እናንተ ምንም አይልም› እያለ ይመልሰናል። ስለዚህ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሆነን አብረን ሄድን።»

«ምን አላችሁ?»

«ልጆቹ በግል ተመዝግበው የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንዲቀመጡ ከሆነ፣ መማራቸውን በማስረጃ አሳዩ አለን። እያንዳንዱ ቤት የቀኑን ትምህርት ማታ በደብተር ይጽፋል። ኒቆዲሞስ መርምሮ ይፈርማል። የእኔን ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በእጁ ሰጠሁት። ዛሬ ማመልከቻውን ልወስድ አምስት ሰዓት ላይ ስመጣ…» አልጨረሱትም።

«ማስረከቢያው መቼ ነው?»

«ነገ፣ ስድስት ሰዓት። ካለፈ ዓመቱ ይባክናል።»

«ደብተሮቹ ማስረጃ ናቸው። ከዚህ አይወጡም» አለች ስምረት።



ሐኪሙ ሰውዬው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሞቱ ገመተ። የግቢው በር አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አስካለማርያም፣ ከማኅበሩ ወላጆች ደግሞ መሐሙድና ፊርዶስ።

መሐሙድ ከወንዙ ማዶ፣ ከመጋላ ሰፈር በኩል መጣ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ መካኒክ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለስኗል።

«ከየት ያመጣኸው ጭቃ ነው?»

«አቦ ኢንስፔክተር፣ ሰማዩ ጠርቷል ብዬ የደቻቱን ወንዝ በደረቅ አሸዋው ላቋርጥ ወረድኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ጎርፍ ይዞብኝ መጣ። ከተማው ላይ ጠብታ የለም፤ ዝናቡ ተራራው ላይ ነው የወረደው። ባጃጅ ስንገፋ፣ ሰው ስናወጣ አምስት ሰዓት ሆነ። የመጋላ ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ ግማሹ እንዲያውም ሲስቅብኝ ነበር።»

«ከአቶ ኒቆዲሞስ ጋር ትጣላ ነበር ይባላል።»

«ወላሂ በየሳምንቱ። ‹ቢሮው ውስጥ ሰው አለኝ፣ የልጆቼን ጉዳይ ለብቻዬ ልጨርስ› አልኩት። ‹ለብቻ የተከፈተልህ በር ለብቻህ ይዘጋብሃል› አለኝ። ማመልከቻውን እንኳ በክብ ነው ያስፈረመን፣ ማን ጀመረው እንዳይባል። ትናንት ማታ ደብተሬን ሳመጣ ‹ባቡሩ ዘግይቷል› ብሎ ሳቀብኝና ሰዓቱን ጻፈበት።»

«ሰዓቱን?»

«ሠላሳ ዓመት ምድር ባቡር ጣቢያ የሠራ ሰው ነው እኮ። የተረከበውን ሁሉ በባቡር ሰዓት ነው የሚመዘግበው። እኔን በአሥራ ስምንት ከአርባ ነው የተቀበለኝ፤ በእኛ አሥራ ሁለት ከአርባ መሆኑ ነው። ጣቢያው ከተዘጋ ስንት ዓመቱ፣ እሱ ግን እስካሁን ባቡር ይጠብቃል እያልን…» መሐሙድ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ጭቃውን መፋቅ ያዘ።

ፊርዶስ ለገሃሬ ሰፈር ነው የምትኖረው። ስምረት ስትገባ ልጇ አኒስ ጠረጴዛ ላይ ሂሳብ ይሠራል። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ግንባሩ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ። የወንበሩና የጠረጴዛው ጠርዝ ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«የሚጥል በሽታ አለበት» አለች ፊርዶስ። «ትምህርት ቤቱ ‹ሌሎቹ ልጆች ይፈራሉ› ብሎ መለሰው። ፈተናው ሁለቴ አምልጦታል። ሦስተኛ ካመለጠው ከዚህ ጠረጴዛ አይነሳም፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

«ጎረቤት ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ስትገቢ አይቶሻል።»

ፊርዶስ የልጇን ጀርባ እያየች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሐኪም ወረቀቱን ላያይዝ ሄጄ ነበር። የክፍሉ በር ተዘግቷል። ውስጥ ሰው ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ማራገቢያው እየጮኸ ማን እንደሆነ አልለየሁም። የሚመልስለት አልነበረም። ሳንኳኳ ንግግሩ ቆመ። የሚከፍት ሳጣ ሄድኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር ደብተሩ ሁሉ ፖሊስ ጋ ይቀራል ብዬ።» ወደ ስምረት ዞራ፣ «መቼ ነው የሚለቀቀው?» አለች።

«ያደረገው ሰው ሲታወቅ።»

«ከነገ ስድስት ሰዓት በፊት?»

ስምረት ለመሄድ ተነሳች። አኒስ እርሳሱን አቁሞ ነበር፤ ስትወጣ መጻፉን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ስምረት ከዚራ ተመልሳ በሟቹ ክፍል ተቀመጠች። አሥራ ሁለቱን ደብተሮች አንድ በአንድ፣ ሳትዘል አነበበች። የመሐሙድ ደብተር የሞተር ዘይት ጠብ ጠብ ብሎበታል፤ «ዛሬ ክፍልፋይ ተማርን፤ ከልጆቼ በፊት እኔ ሳትኩ» ይላል። የፊርዶስ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነው፤ «ዛሬ ሁለቴ ወደቀ፤ አልተማረም» ይላል፣ ደግሞም ሌላ ገጽ ላይ «አልተማረም»። አሥራ ሁለተኛው፣ የወይዘሮ አስካለማርያም፣ በካኪ ወረቀት የተሸፈነ ነው። ስርዝ የለውም። የባከነ ቀን የለውም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ደግማ ካነበበች በኋላ ደብተሩን ለብቻው አስቀመጠችው።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱም ቤተሰቦች በየወንበሮቻቸው ተቀመጡ። የኒቆዲሞስ የራሱ ወንበር ኖሮ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ብረት ሳጥኑ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ሳጥኑን የሚያይ አልነበረም።

ስምረት ድምፅዋን ሳታነሳ ጀመረች።

«አቶ ኒቆዲሞስ በሩን ለሚያውቁት ሰው ነው የከፈቱት። መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተዋል፤ አንብበው ጨርሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ይነጋገሩ ነበር። መሐሙድ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት በጎርፉ ማዶ ነበር፤ ስድስት ሰው ጠይቄ ስድስቱም አንድ ነገር ነገሩኝ። ፊርዶስ በሩ ላይ ቆማለች። እሷ ብታደርገው ኖሮ ‹ሰው ሰምቻለሁ› ብላ ራሷን እዚያ ሰዓት ላይ አታቆምም ነበር።»

«እኔስ?» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። ቀኑ ስንት እንደሆነ የሚጠይቁ ይመስላሉ።

«እርስዎ ደብተሩን ሰኞ ማታ እንዳስረከቡ ነገሩኝ። እዚህ የመጨረሻው ገጽ ላይም ‹ሰኞ፣ 12 ሰዓት› ተብሎ ተጽፏል። በአሥራ አንዱ ደብተር ላይ ግን የተጻፈው የባቡር ሰዓት ነው። ይሄ 17፡10፣ ይሄ 16፡25፣ የመሐሙድ 18፡40። ሠላሳ ዓመት አንድ ዓይነት የጻፈ ሰው ለእርስዎ ብቻ ለምን ይለውጣል?»

ስምረት ሌሎቹን ደብተሮች ወደ ጎን አደረገች።

«ያ ብቻውን በቂ ላይሆን ይችላል። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ልገልብጥ።» አነበበች፤ «‹ማክሰኞ። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ከልጄ ከዲና ጋር ደቻቱ ወርደን የድንጋይ ዓይነቶችን ሰበሰብን። አሸዋው ደርቆ ስለነበር እስከ መሐል ሄድን።›» ደብተሩን ዘጋችው። «ከሰኞ ማታ ጀምሮ እዚህ የነበረ ደብተር ማክሰኞን እንዴት ያውቃል?»

መሐሙድ ሳያስበው የሱሪውን ጉልበት ነካ።

«ገጹ እውነት ከሆነ ደብተሩ ሰኞ እዚህ አልነበረም። ውሸት ከሆነ ቀድሞ ተጽፏል። ማክሰኞ በዚያ ሰዓት ደቻቱ ምን እንደነበር ግን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ እንዲህ ይመስለኛል። ሦስት ሰዓት ላይ ደብተሩን ይዘው መጡ። አቶ ኒቆዲሞስ ያነባሉ፤ የጎርፉ ድምፅ በመስኮት ይገባል፤ ገጹ ‹ደርቆ ነበር› ይላል፤ ከልጅዎ ጋር ወንዝ ወርጃለሁ የሚሉት እርስዎ ፊታቸው ተቀምጠዋል። ‹ሌላው ገጽስ?› ብለው ጠየቁ።»

ወይዘሮ አስካለማርያም እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አዩት።

«በባቡር ሰዓቱ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ» አሉ። «እጄ ግን የለመደውን ጻፈ።»

ጥቁር ልብሳቸውን ዳሰሱ።

«ባለቤቴ ኅዳር ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ልጄን አንድ ቀን አላስተማርኳትም። ጠዋት እቀመጣለሁ፤ እሷም ፊቴ ትቀመጣለች። እንዲሁ ይመሻል። ማታ ግን መምህር የነገውን ዕቅድ ይጽፋልና እጽፋለሁ። ስጽፈው ነገ የማደርገው ይመስለኛል። ‹እናደርጋለን› ሳይሆን ‹አደረግን› ብዬ ነው የምጽፈው፤ ዕቅድ ሳይሆን መዝገብ ነውና የተጠየቅነው።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«‹ይሄን አልፈርምም። አንድ የውሸት ገጽ የአሥራ ሁለት ልጅ በር ይዘጋል› አለ። ደብተሩን ሊያነሳው ሲል ገፋሁት። ከዚያ ያደረግኩት የለም። እሱም ምንም አላለም። ‹ተነስ እንጂ ኒቆዲሞስ› አልኩት፤ ብዙ ጊዜ አልኩት። ፊርዶስ ስታንኳኳ ዝም አልኩ። ከዚያ ሰዓቱን ጽፌ ቤቴ ሄድኩ። አምስት ሰዓት ሲሆን፣ አምስት ሰዓት እመጣለሁ ብዬው ነበርና፣ መጣሁ።»

«ስለ ዲና ያሉት ነገር የለም?»

«ብሎ ነበር መሰለኝ። ‹ዲናን እኛ እናስተምራታለን› ብሎ ነበር። ያን ጊዜ አልሰማሁትም። ማታ ተኝቼ ነው የሰማሁት።»

ማራገቢያው ይዞር ነበር፤ አንድ ሰው ተነስቶ አጠፋው።

ስምረት ትናንት ማመልከቻውንና አሥራ አንዱን ደብተር ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ፣ ከአለቃዋ የመልቀቂያ ፈቃድ ተቀብላ ነበር። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«የምይዘው አንዱን ደብተር ብቻ ነው» አለች። «ሂዱ። ጊዜ የለም።»

እሷ ወይዘሮ አስካለማርያምን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስትወስድ፣ መሐሙድ ማመልከቻውንና አሥራ አንዱን ደብተር በሽርጥ ጠቅልሎ ወደ ትምህርት ቢሮው ሄደ። የቢሮው ሠራተኛ ማመልከቻውን አዙራ አዙራ አየችው። «አሥራ ሁለት ፊርማ፣ አሥራ አንድ ደብተር። ሊቀመንበራችሁ ማን ነው?»

«ክብ ነው እህቴ፤ መጀመሪያ የለውም» አላት። «የአንዷ ልጅ ማስረጃ የለንም። ያለንን ነው ያመጣነው።»

ሠራተኛዋ አሥራ አንዱን ተቀብላ ማኅተም መታች። አጠገቡ «5፡50» ብላ ጻፈች። መሐሙድ በተሰጠው ቅጂ ላይ፣ ከሥሩ፣ በራሱ እስክሪብቶ «11፡50» ጨመረበት።

ዲና ከቀትር በኋላ አንድ ቦርሳ ይዛ ፊርዶስ ቤት ገባች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አኒስ ጨርቅ ወደተጠቀለለበት ወንበር አመለከታት፤ ተቀመጠች። ምሳ ቀረበ። በሉ።

ማታ ፊርዶስ አዲስ ደብተር ከፈተች። ሽፋኑ ላይ የዲናን ስም ጻፈች።

«ዛሬ ምን ተማርሽ ልበል?» አለቻት።

ዲና ጥቂት አሰበች። «ምንም።»

ፊርዶስ ጻፈች፤ «ረቡዕ። ዛሬ አልተማረችም። ከእኛ ጋር ምሳ በላች።» ከዚያም ትክክል መሆኑን እንድታይ ደብተሩን ወደ ልጅቷ አዞረችው።