በሟች ስም የታተመ ጥሪ

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። አናቱን የፈነከተው የብረት ማስመሪያ አጠገቡ ወድቋል። ክፍሉ ቀለምና ደም ይሸታል። ከሽታው ይልቅ መርማሪዋን ያንገሸገሻት ግን የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ እንባ የሌለው ዐይኑን ይጠራርጋል።

«እሷ ናት!» አለ ወደ ማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ እየጠቆመ። «እጇን አታዩትም?»

ጸሐፊዋ የገዛ እጮኛው ናት። ደም በነካው እጇ ላይ ካቴና ገብቷል።

«ጋሼን ወድቀው ሳገኛቸው ላነሳቸው ሞከርኩ እንጂ፣ እኔ ምን በወጣኝ!»

«አንተስ የት ነበርክ?» አለችው መርማሪዋ።

«የሰርጋችንን ጥሪ ወደ ማሽኑ ላክሁና ላፕቶፔን ዘግቼ፣ ይዤው ወጣሁ። ወንድሜ ደህና ነበር። ሁሌም ልከን መሄድ ነው፤ ማሽኑ ራሱ ይጨርሰዋል።»

መርማሪዋ የታተሙትን ካርዶች አነሳች። ከላይ ያሉት ንጹሕ ናቸው፤ የታችኛው ካርድ ጀርባ ግን በደም ከማሽኑ የወረቀት መቀበያ ጋር ተጣብቋል። በሩ አጠገብ ወደቆመችው የሟች ሚስት ዞረች።

«እትዬ፣ ይሄ ማሽን የቆየ ነው?»

«ኧረ ትናንት ከቤት ያመጣሁት ነው! ትልቁ ተቃጠለብን።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ማሽኑ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«በል፣ እንደዚያው ላክና ላፕቶፑን ዝጋ።»

እያመነታ ላከ፤ ዘጋ። ማሽኑ ግማሽ ካርድ እንደነከሰ ጸጥ አለ።

«ትልቁ የራሱ ጭንቅላት ነበረው» አለች መርማሪዋ። «የገጹን ትእዛዝ ተቀብሎ ፊደሉንም ሥዕሉንም ራሱ ያዘጋጃል፤ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ጉዳዩም አይደለም። ለዚህ ርካሹ ግን ሁሉን የሚያስብለት ላፕቶፑ ነው፤ እሱ የታዘዘበት ቦታ ላይ ቀለም ማሳረፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ካርድ ድረስ ላፕቶፕህ እዚህ ክፍት ነበር፤ አንተም አብረኸው። ደሙ ደግሞ ከካርዶቹ ሥር ነው። መጀመሪያ ገደልከው፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ አተምክ። ስትዋሽ የለመድከውን የድሮውን ማሽን ነገር አወራኸኝ።»

«ስሜን ከጥሪው አውጣ አለኝ!» ብሎ ጮኸ። «ልጅቷን እየደበደብክ በስሜ ሰው አልጠራልህም አለኝ! ቀኑ ደርሷል፣ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ኤጭ!» አለች የሟች ሚስት፣ አፏን በእጇ ይዛ።

ካርዱ ላይ የተጻፈው ጋባዥ ሟቹ ነው። የወንድሙ ደም ሳይደርቅ በስሙ እንግዳ ጠራበት! እንዲህ ያለው ሰው ያስጠላል እንጂ ምን ይባላል?

መርማሪዋ ካቴናውን ከልጅቷ ፈትታ ለእሱ አጠለቀችለት። ልጅቷ አንድ ካርድ አነሳች፤ የሱንና የራሷን ስም ጎን ለጎን አየች፤ እትፍ ብላ ተፋችበት። ካርዱ ማስረጃ ነበር። መርማሪዋ ግን አልከለከለቻትም።